አዲሱ እሳት በማን ደረት ላይ ተጫረ?

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ አብሮን የወጣ አንድ ወዳጃችን ረዥም ልብ ወለድ ድርሰት መጀመሩን አጫወተን። ወዳጃችን ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ይደርሳል። የድርሰቱ ታሪክ የሚፈጸመው በምድር ላይ በሌለ አገር፣ በሌለ ሕዝብ መካከል ነው። ይህ ሕዝብ ደግሞ የራሱ ሃይማኖት አለው። ሃይማኖቱን ከየት እንዳመጣው ብንጠይቀው ሻዩን ፉት አለና እንዲህ ሲል አስረዳን፤ «ሥሩን ከአዝቴኮች ወሰድሁት። የእሳት አምልኳቸውን አነሣሁ፤ የአማልክቱን ብዛት ቀንሼ አንድ አምላክ ብቻ አስቀረሁ፤ ደሙንም አወጣሁት። አሁን የቀረው እሳቱና ውበቱ ነው።»

አሳቡ በውነቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር። በተራራ ራስ ላይ የማይጠፋ እሳት፣ ነጭ ለብሰው የሚዘምሩ ካህናት፣ አንድ የማይታይ አምላክ፤ ይህን ሁሉ ሲዘረዝርልን እኛም ከእርሱ ጋር ተመሰጥን። ነገር ግን ማታ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ወደ ቤታችን ስንመለስ «ደሙንም አወጣሁት» ያላት ቃል ከልባችን አልወጣ አለች። ለመሆኑ ደሙ የማን ደም ነበር? ወዳጃችን ያወጣውስ ነገር ምንድን ነው?

አደባባዩን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እናስታውስ። ሜክሲኮ የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ስለዚህ ውለታዋ አደባባዩ በስሟ ተጠራ፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። የአገሪቱን ስም በየቀኑ በታክሲ መስኮት ሲጠራ እንሰማዋለን፤ የሕዝቧን የቀድሞ ታሪክ ግን እምብዛም አናውቀውም። ስለዚህ ወዳጃችን ከወሰደው ሥር ጥቂቱን ቆፍረን ለአንባብያን ማሳየት የሚገባ መሰለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

አዝቴክ የምንላቸው ሰዎች ራሳቸውን ሜሺካ ብለው ይጠሩ ነበር። ከተማቸው ቴኖችቲትላን በሐይቅ መካከል በነበረች ደሴት ላይ፣ እንደ ራሳቸው ትውፊት በ1325 ተቆረቆረች። በ1521 ኦገስት 13 ቀን ደግሞ በእስፓኛዊው ኤርናን ኮርቴስና ከእርሱ ጋር በተሰለፉት የአገሩ ተወላጅ ጠላቶቿ እጅ ወደቀች። የዛሬዪቱ የሜክሲኮ ከተማ የተሠራችው በእርሷ ፍርስራሽ ላይ ነው።

ሜሺካዎች ብዙ አማልክት ነበሯቸው፤ የእሳቱ አምላክ ስም ሺውቴኩትሊ ይባላል። «ሺዊትል» የሚለው ቃል በቋንቋቸው በናዋትል ዓመት ማለትም፣ ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ማለትም ስለ ሆነ፣ የእሳት ጌታ የዓመትም ጌታ ሆኖ ይቈጠር ነበር። ሌላው ስሙ «ሽማግሌው አምላክ» ነው። ጐንበስ ብሎ የተቀመጠ፣ ፊቱ የተጨማደደ፣ በራሱ ላይ የእሳት ማንደጃ የተሸከመ ሽማግሌ ተደርጎ ይቀረጽ ነበር። ይህን የመሰሉ ምስሎች ከሜሺካዎች ዘመን ከሺሕ ዓመታት በላይ ቀድመው በዚያው አገር ተገኝተዋል። ስለዚህ የእሳት አምልኮ ቴኖችቲትላን ሳትቆረቆር በፊት የነበረ ጥንታዊ ነገር ነው።

ይህ አምላክ የሚኖረው በቤተ መቅደስ ብቻ አልነበረም። በገጠር የእኛ እናቶች እንደሚያውቁት ሁሉ የሜሺካ ሴትም ምድጃ በሦስት ጉልቻ የቆመ ነበርና፣ የእሳቱ አምላክ ማደሪያ በየጐጆው እንብርት ነበር። ቤተ ሰቡ ከምግቡ ከመቅመሱ በፊት ቈራሽ ወደ እሳቱ ይጥላል። ሕፃን ሲወለድ በቤቱ ውስጥ ያለው እሳት አራት ቀን ሳይጠፋ ይጠበቃል፤ በእነዚያ ቀናት ጎረቤት እሳት ልጫር ብሎ ቢመጣ አይሰጠውም፤ የሕፃኑ ዕድል አብሮ እንዳይወጣ ይፈራልና። እንግዲህ ወዳጃችን «ውበት» ያለው እዚህ ላይ በውነት አለ። እሳትን የቤት ራስ ያደረገ ሕዝብ ባዕድ ሆኖ አይታየንም።

አሁን ወደ ዓመቱ ቍጥር እንምጣ። የሜሺካዎች ዓመት እያንዳንዱ 20 ቀን የሆነ 18 ወራት ነበረው፤ ይህም 360 ቀን ይሆናል። የሚተርፉት 5 ቀናት እንደ እኛ ጳጉሜን ለብቻቸው ይቈጠሩ ነበር። ልዩነቱ የእነርሱ አምስት ቀናት ክፉ ገድ ያላቸው ተብለው የሚፈሩ መሆናቸው ነው። ከዚህ ሌላ ካህናቱ ዕጣ ፈንታ የሚመለከቱበት 260 ቀን ያለው ሁለተኛ አቈጣጠር ነበራቸው። ሁለቱ አቈጣጠሮች አንድ ቀን አብረው ቢጀምሩ ተመልሰው የሚገናኙት ከ18,980 ቀን በኋላ ነው፤ ይኸውም ልክ 52 ዓመት ይሆናል። እርሳስ ይዞ ማስላት የሚወድ ተማሪ 52ን በ365፣ 73ን በ260 አባዝቶ ይመልከተው፤ መልሱ አንድ ነው።

ይህ የ52 ዓመት ዙር ሲያልቅ ዓለም ልትቀጥል ወይም ልትጠፋ ትችላለች ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ በዚያች ሌሊት በአገሩ ያለ እሳት ሁሉ ይጠፋል። በአመድ ውስጥ የሚዳፈን ፍም እንኳ አይቀርም። አሮጌው ጉልቻ፣ ሰሌኑ፣ የቤቱ ጣዖት ወደ ውሃ ይጣላል። ነፍሰ ጡር ሴቶች ወደ አውሬነት እንዳይለወጡ ከቃጫ ቅጠል የተሠራ ጭምብል ለብሰው በጎተራ ይዘጋባቸዋል። ሕፃናት እንቅልፍ ቢወስዳቸው አይጥ ይሆናሉ ተብሎ ስለሚፈራ እየተነቀነቁ እንዲነቁ ይደረጋል። ሕዝቡ በየጣራው ላይ ወጥቶ በጨለማ ውስጥ ወደ አንድ ኮረብታ ይመለከታል። ኮረብታው ያን ጊዜ ዊሻችትላን ይባል ነበር፤ ዛሬ «የኮከብ ኮረብታ» ተብሎ በሜክሲኮ ከተማ በኢስታፓላፓ ክፍል ይገኛል። በራሱ ላይ ካህናቱ ቆመው ሰባቱን ከዋክብት ይከታተላሉ። ከዋክብቱ በመንፈቀ ሌሊት የሰማዩን መካከል ካለፉ ዓለም ተርፋለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ካህኑ እንጨት በእንጨት ላይ አሽከርክሮ አዲስ እሳት ያወጣል። እሳቱ በችቦ ተይዞ፣ በሯጮች እጅ ወደ ታላቁ ቤተ መቅደስ፣ ከዚያም ወደ ሰፈሩና ወደ መንደሩ፣ በመጨረሻም ወደ እያንዳንዱ ምድጃ ይደርሳል። በማግሥቱ አዲስ ሰሌን ይነጠፋል፤ አዲስ ጉልቻ ይተከላል፤ አዲስ ልብስ ይለበሳል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የወዳጃችን ድርሰት ነው ማለት ይቻላል። እኛም በዚህ ብናበቃ አንባቢው ረክቶ በተለየን ነበር። ነገር ግን አዲሱ እሳት የሚወጣበት እንጨት የሚቀመጠው በድንጋይ ላይ አልነበረም፤ በጀርባው በተጋደመ በሕይወት ባለ ሰው ደረት ላይ ነበር። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ደረቱ በባልጩት ቢላዋ ይከፈታል፤ ልቡም ወደ እሳቱ ይጣላል።

ይህ ሥርዐት ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1507፣ በዳግማዊ ሞክቴሱማ ዘመን ነው። በዚያች ሌሊት የሞተው ሰው ስሙ አልጠፋም፤ ሺውትላሚን ይባል ነበር። ዌሾትሲንኮ የተባለው አገር ሰው፣ ወታደርም ነበር። የተመረጠበትን ምክንያት በተለይ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንዲያስተውሉት እንፈልጋለን። ንጉሡ በስሙ ውስጥ «ሺዊትል» የሚል ቃል ያለበት ምርኮኛ እንዲፈለግ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ በየአገሩ ወረደ፤ ተፈለገ፤ ተገኘም። ሺውትላሚንን የማረከው ኢትስኩዊን የተባለ የትላቴሎልኮ ሰው ነበር። እርሱም ከዚያ ወዲያ «የሺውትላሚን ማራኪ» የሚል የክብር ስም ተሰጠው። እንግዲህ ትእዛዝ ነበረ፤ ፈጻሚ ነበረ፤ ሽልማትም ነበረ። ሁሉም በሥርዐቱ ተፈጸመ። ሺውትላሚንን ወደዚያ ኮረብታ ያወጣው ጥፋቱ አልነበረም፤ የስሙ ፊደል ነበር።

ሜሺካዎችን አራዊት አድርጎ ለማቅረብ ይህን አልጻፍንም። እንዲያውም የሚያስፈራው አራዊት አለመሆናቸው ነው። የባላባቱም የሕዝቡም ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው፤ ንግግር የሚያሳምሩ፣ ሽማግሌ የሚያከብሩ፣ ገበያቸው በዳኛ የሚጠበቅ ሰዎች ነበሩ። አሳባቸውም ተራ ጭካኔ አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። በአንድ ሚዛን ላይ አንድ ምርኮኛ፣ በሌላው ላይ መላው ዓለም። ከእኛ መካከል፣ ዓለም በዛሬዋ ሌሊት ልትጠፋ ነው ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው፣ አንድ የማያውቀው ባዕድ ይዳን ብሎ የሚከራከር ማን ነው? ይህን ጥያቄ በችኰላ መመለስ አይገባም።

«ይህን ሁሉ እንዴት ታወቀ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። በ1529 በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን የተባለ እስፓኛዊ መነኵሴ ወደ ሜክሲኮ ገባ። በ1536 በትላቴሎልኮ ለአገሩ ተወላጅ ወጣቶች ኮሌጅ ተከፍቶ ነበርና፣ ናዋትል፣ እስፓኝኛና ላቲን የሚያውቁ ተማሪዎች ከዚያ ወጡ። ሳሃጉን ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ሆኖ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ በብዙ ዓመት ድካም 12 ክፍል ያለው መጽሐፍ አዘጋጀ። መጽሐፉ በናዋትልና በእስፓኝኛ ተጽፎ ዛሬ በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ይገኛል። የሺውትላሚን ስም ለእኛ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። የአባቶቻቸውን ክብርም ነውርም ሳይመርጡ የጻፉት እነዚያ በእኛ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። ይህን ስናስብ እንቀናባቸዋለን።

እርግጥ ነው፣ በድል አድራጊው ጥላ ሥር የተጻፈ ነገር ሁሉ መመርመር አለበት። እስፓኛውያን ጸሐፊዎች ስለ መሥዋዕቱ ብዛት ያጋነኑት ብዙ ነው። ለምሳሌ በ1487 ታላቁ ቤተ መቅደስ ሲመረቅ 80,400 ሰዎች ታረዱ የሚለውን ቍጥር የዛሬ ሊቃውንት አብዛኞቹ አይቀበሉትም። ድል አድራጊ የድል ምክንያት ይፈልጋልና ቍጥሩን ያበዛል። ነገር ግን ማጋነኑ ውሸት መሆኑ ነገሩን ውሸት አያደርገውም። ከ2015 ጀምሮ የሜክሲኮ የቅርስ ተመራማሪዎች በከተማይቱ መካከል፣ ከታላቁ ቤተ መቅደስ አጠገብ፣ የተሰዉ ሰዎች የራስ ቅል የሚደረደርበትን ግንብ አገኙ፤ እስከ 2020 መጨረሻ የቈጠሩት 603 ደርሶ ነበር። ከመካከላቸውም የሴቶችና የሕፃናት ራስ ቅል አለ። እንግዲህ ሁለት ዐይነት ሐሰት አለ ማለት ነው፤ አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ያወጣል።

የሚያወጣውም የራሱ ታሪክ አለው። ወዳጃችን ሳያውቀው ከእርሱ በፊት 400 ዓመት ያህል ቀድሞ ይህንኑ የሠራ ሰው ነበር። ከቴኖችቲትላን ማዶ፣ በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ቴሽኮኮ የምትባል ከተማ ነበረች፤ ስመ ጥሩ ንጉሥዋ ነሳዋልኮዮትል ከ1402 እስከ 1472 የኖረ ነው። ከልጅ ልጆቹ ወገን የሆነው ፈርናንዶ ደ አልቫ ኢሽትሊልሾቺትል በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የንጉሡን ታሪክ ሲጽፍ፣ ነሳዋልኮዮትል ጣዖታቱን ንቆ አንድ የማይታይ ፈጣሪን እንደ ፈለገ፣ ምስል የሌለበት ረዥም ግንብም እንዳሠራለት ተረከ። ታሪኩ ጣፋጭ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ፕሬስኮት በ1843 ባሳተመው የሜክሲኮ ድል መጽሐፍ ለዓለም አዳረሰው። የንጉሡም ሥዕል ለብዙ ዓመታት በሜክሲኮ መቶ ፔሶ ገንዘብ ላይ ታትሞ ኖረ።

ነገር ግን ጆንግሱ ሊ የተባለው ሊቅ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ማስረጃውን አንድ በአንድ መርምሮ፣ ይህ የአንድ አምላክ ንጉሥ ከድሉ በኋላ የተቀረጸ ምስል መሆኑን አስረድቷል። በቴሽኮኮ መካከልም እንደ ቴኖችቲትላን ሁሉ የጦርነቱ አምላክ የዊትሲሎፖችትሊና የዝናሙ አምላክ የትላሎክ ታላቅ ቤተ መቅደስ ቆሞ ነበር። በእኛ አስተያየት ኢሽትሊልሾቺትልን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ መረዳቱ ግን ይሻላል። ሰውዬው በድል አድራጊዎች ፊት የቆመ የተሸናፊ ወገን ልጅ ነበር። «አባቶቼ ከእናንተ አያንሱም ነበር» ለማለት ሲፈልግ፣ «አባቶቼ እናንተን ይመስሉ ነበር» አለ። ይህ ወጥመድ ዛሬም አለ። አንድን ሕዝብ ለማክበር መጀመሪያ እኛን እንዲመስል ማድረግ አለብን ብለን የምናስብ ከሆነ፣ ያከበርነው እርሱን ሳይሆን የራሳችንን መልክ ነው።

ይህን ክርክር ለወዳጃችን ብናቀርብለት «ቢሆንም አንድ አምላክ ማድረጌ ምን ጉዳት አለው? አንድ አምላክ የሚያመልክ ሕዝብ ሰው አይሠዋም» ሳይል አይቀርም። ለዚህ ደግሞ ታሪክ ራሱ መራራ መልስ አዘጋጅቷል። ነሳዋልኮዮትል የልጅ ልጅ ነበረው፤ በክርስትና ስሙ ዶን ካርሎስ የተባለ የቴሽኮኮ መስፍን። በ1539 ጣዖት ይዞ ተገኘ፣ በመነኮሳቱም ትምህርት ላይ ተናገረ ተብሎ በሜክሲኮው ጳጳስ በሁዋን ደ ሱማራጋ ፍርድ ቤት ተከሰሰ። ኖቬምበር 30 ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት በእሳት ተቃጠለ። የፈረዱበት ሰዎች በአንድ አምላክ የሚያምኑ ነበሩ። የነሳዋልኮዮትል የልጅ ልጅ በአንዱ አምላክ ስም በተለኰሰ እሳት ሞተ። በኋላም ጳጳሱ ስለዚህ ፍርድ ከእስፓኝ መንግሥት ወቀሳ ደረሰበት፤ ወቀሳው ግን የተቃጠለውን አላስነሣም።

እንግዲህ የአማልክቱ ቍጥር ነገሩን አይወስንም። በ1507 ብዙ አማልክት ነበሩ፤ በ1539 አንድ። በሁለቱም ጊዜ እሳት ነደደ፣ በሁለቱም ጊዜ ስም ያለው ሰው ከውስጡ ተገኘ። በሁለቱም ጊዜ ያነደዱት ሰዎች ሌሎችን የሚያድኑ መስሏቸው ነበር። ስለዚህ አንድን እምነት፣ ወይም አንድን ታላቅ ዓላማ ለመመዘን የምንጠይቀው ጥያቄ «አምላኩ ስንት ነው?» «በዓሉ ያምራል ወይ?» አይደለም። የምንጠይቀው «እሳቱ በማን ደረት ላይ ነው የሚጫረው? ያስ ሰው እሺ ብሏል ወይ?» የሚለውን ነው።

ይህን ጥያቄ ያልጠየቁ በቅርብ ዘመንም ነበሩ። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲ. ኤች. ሎውረንስ ሜክሲኮን ከጐበኘ በኋላ በ1926 «ባለ ላባው እባብ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ጥቂት የተማሩ ሰዎች የጥንቱን አምላክ የኬትሳልኮዋትልን ሃይማኖት እንደ ገና ያቋቁማሉ። መዝሙር ይጻፍለታል፤ ልብስ ይሰፋለታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ምስሎች ወጥተው ይቃጠላሉ። ብዙ ገጽ ሳይሄድ ደግሞ እስረኞች በአዲሱ ሥርዐት ይገደላሉ። ደራሲው ይህን በድንቅነት እንጂ በድንጋጤ አልጻፈውም፤ ብዙ አንባብያንም መጽሐፉን ሲዘጉ የሚጨንቃቸው ስለዚህ ነው። በ1930 ዲሴምበር ወር ደግሞ የሜክሲኮ መንግሥት የገናው ሽማግሌ የባዕድ ነው ብሎ፣ በከተማይቱ ስታዲየም ቤተ መቅደስ አሠርቶ፣ ኬትሳልኮዋትል የመሰለ ሰው ለሕፃናት ስጦታ እንዲያድል አደረገ። ይህኛው ደም የለበትም፤ ነገር ግን ከላይ በትእዛዝ የተሠራ ትውፊት በሕዝቡ ልብ ሥር ሳይሰድ ቀረ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን የእኛን ተረት እዚያም ያለ ቢኖር ኖሮ ምክር በሆነ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው የ1968 ነው። በዚያ ዓመት የኦሎምፒክ ችቦ ወደ ሜክሲኮ ሲገባ፣ ውድድሩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው በጥንታዊቷ ቴኦቲዋካን ፒራሚዶች ሥር አደረ፤ የአዲሱ እሳት ሥርዐትም በትርኢት መልክ ቀረበ። ያኔ ማንም ይህ እውነተኛው ሃይማኖት ነው አላለም፤ ትርኢት መሆኑ የታወቀ ነበር። የእኛው ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅ ያገኘው በዚያ ውድድር ነው። በእርሱ ጊዜ የሮጡት ሁሉ ወደው የሮጡ ናቸው።

ቴኦቲዋካንን ካነሣን አይቀር፣ ሜሺካዎች ራሳቸው ስለዚያ ቦታ የሚተርኩትን አፈ ታሪክ እንጥቀስ፤ የምንፈልገው ልዩነት በእርሱ ውስጥ ተቀምጧልና። ዓለም በጨለማ ሳለች አማልክቱ በዚያ ተሰብስበው «ማን ፀሐይ ይሁን?» ተባባሉ ይላል። ባለጸጋው ቴኩሲስቴካትል ተኵራርቶ «እኔ» አለ። አማልክቱም ቍስለኛውን ድኻ ናናዋትሲንን ሁለተኛ አድርገው ጠሩት፤ እርሱም በደስታ እሺ አለ። ባለጸጋው ወደሚነደው እሳት አራት ጊዜ ተንደርድሮ አራት ጊዜ ተመለሰ። ድኻው ግን ዐይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ ዘለለ፤ ፀሐይም ሆነ። አፍሮ የተከተለው ባለጸጋ ጨረቃ ሆነ። ይህ አፈ ታሪክ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ናናዋትሲን ራሱን የሰጠ ነው፤ ሺውትላሚን ግን ተይዞ የተሰጠ ነው። ሜሺካዎች በአፈ ታሪካቸው ራሱን የሚሰጠውን አመሰገኑ፤ በሥርዐታቸው ግን ሌላውን ያዙ። በተናገሩትና በሠሩት መካከል ያለው ይህ ርቀት የእነርሱ ብቻ እንዳይመስለን። በብዙ አገር፣ በብዙ ዘመን፣ ስለ መሥዋዕትነት አጥብቆ የሚናገረው ሰውና መሥዋዕት የሚሆነው ሰው የተለያዩ ናቸው።

ተማሪዎችና ወጣት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሆይ! ይህን የሩቅ አገር ነገር በእሑድ ገጽ ላይ ያመጣነው ለመደነቂያ ብቻ አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ ታሪክ የምንጽፈው፣ መማሪያ መጽሐፍ የምናዘጋጀው፣ በዓል የምናደራጀው፣ ዕቅድ የምናወጣው እኛ ነን። በጠረጴዛችን ላይ «ለብዙኃኑ ጥቅም» የሚል ወረቀት ባለፈ ቍጥር ብዙኃኑ ማን እንደ ሆነ በውስጡ ይነበባል፤ ጥቂቶቹ እነማን እንደ ሆኑ ግን አንዳንድ ጊዜ አይጻፍም። «ያለ ዋጋ የሚሠራ መልካም ሥራ የለም» የሚለን ቢኖር እውነቱን ነው፤ አንከራከረውም። የምንለው ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ስሙ ይጻፍ፣ ፈቃዱ ይጠየቅ፣ ኪሣራውም በሒሳቡ ይግባ ነው። ትእዛዙን ያወረደውም፣ ምርኮኛውን ያገኘውም፣ ሽልማቱን የተቀበለውም ሰው በ1507 እያንዳንዱ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ነበር። ሥራን በትክክል መሥራት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከዚያች ሌሊት የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ስለ ወዳጃችን ድርሰት ደግሞ እንዲህ ብለን እንመክረዋለን። ልብ ወለድ ልብ ወለድ ነው፤ እሳቱን ትከል፤ አምላኩንም አንድ አድርገው። ነገር ግን ሥሩን ከሜሺካዎች ወሰድሁ ካልህ ሥሩን ሳትቈርጥ ውሰደው። የምድጃውን ሙቀት፣ በጣራ ላይ የቆመውን ሕዝብ ፍርሃት፣ የልጆቹን እንቅልፍ አልባ ሌሊት ጻፍ። ከዚያም ምርኮኛውን አስገባው፤ አስገብተህም አፍ ስጠው። ሺውትላሚን በዚያች ሌሊት ምን እንዳሰበ ሳሃጉንም ተማሪዎቹም አልጻፉም። ደራሲ የተፈጠረው እንደዚህ ያለውን ባዶ ቦታ ለመሙላት ይመስለናል።

የሚቀጥለው አዲስ እሳት መጫር የነበረበት በ1559 ነበር። ያን ጊዜ ከተማይቱ በእስፓኛውያን እጅ ከወደቀች 38 ዓመት ሆኗታልና አልተጫረም፤ ሰባቱ ከዋክብት ግን የሰማዩን መካከል አለፉ፤ ፀሐይም ወጣች። ሽማግሌዎቹ በዚያ ጧት ቆመው ምሥራቁን ሲመለከቱ ምን ብለው ይሆን? ያለ ሺውትላሚንም ቀኑ ይነጋ ነበር ማለት ነው። ይህን ለማወቅ 52 ዓመት መቈየት አስፈለጋቸው።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ከመስጠታችን በፊት ለወዳጃችን አሳየነው። ሁለት ጊዜ አነበበውና ዝም ብሎ ቈየ። በመጨረሻም «እንግዲያው የእኔን ምርኮኛ ስሙን ማን ልበለው?» ሲል ጠየቀን። እኛም ስም የሚያወጣለት ደራሲው ራሱ መሆኑን ነግረን፣ ስም ለመስጠት በማሰቡ ግን ደስ ብሎን ተለያየን።